ከጥዱ ሥር ያለው ድንጋይ

ስሙኝማ! አረፍ በሉና ይህን ስሙ። የማወራችሁ የጦር ወሬ አይደለም፤ ስለ አንድ ድንጋይ ነው። አንኮበር፣ ከደብራችን ግቢ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር ስለነበረ ድንጋይ። ልጅ ሲቀመጥበት እግሩ መሬት አይደርስም፣ ያን ያህል ነው። ድንጋይ ምን ወሬ አለው ብሎ የሚያልፍ ይለፍ። በዚያ ድንጋይ ሰበብ ግን አንድ ተማሪዬ ተንገላቷል፣ የአንዲት ባልቴት በሬም እስከዛሬ ከሰው ደጅ ታስሯል። ስለዚህ አወራለሁ።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ዳዊት ደግሜ ዜማ ጀምሬ ነበር። መምህሬ አባረሩኝ። ሰርቄ አይደለም፣ ሰክሬም አይደለም። «ይህ ቀን ሙሉ የምንጮኸው ነገር ባማርኛ ምን ማለት ነው?» ብዬ ስለጠየቅኩ ነው። አንዴ ብጠይቅ ይታለፍልኝ ነበር፤ በየቀኑ ጠየቅኩ። «አንተ ልጅ፣ ምላስህ ከእግርህ ቀድማለች፤ እግርህም ይከተላት» ብለው ሰደዱኝ። ምላሴን ተከትዬ አንኮበር ደረስኩ።

አንኮበር ድሮም ብርዳም ናት። ንጉሡ ከተማቸውን ወደ እንጦጦ ካዞሩ ወዲህ ደግሞ ሰውም ሳሳባት። ደህና ደህናው መምህር የቤተ መንግሥቱን እንጀራ ተከትሎ ሄደ። እኛና ጉሙ፣ ገደል ለገደል የሚጮኸው ጭላዳ ዝንጀሮም ቀረን። ልጆቹ ግን አልሄዱም። ልጅ የትም አይሄድም፣ አባቱ ካለበት ነው። ፊደል የሚያስቆጥራቸው ጠፍቶ ግቢ ለግቢ ይራገጣሉ። የደብሩ አለቃ፣ ጢማቸው ደረታቸውን የሞላ፣ ቁጣቸው ፈጣን ሳቃቸውም ፈጣን የሆነ ሽማግሌ፣ አስጠሩኝ።

«ምን ድረስ ተምረሃል?»

«ዳዊት ጨርሼ ዜማ ጀምሬያለሁ።»

«ጀምረህስ?»

«ተባረርኩ።»

«እንኩሮ!» አሉኝ። «ዱቄት አይደለህ፣ ጠላ አይደለህ።»

«ጠላ ሁሉ እንኩሮ ነበር፣ አባ።»

ሳቁ። በሳቃቸው መሀል ልጆቹን ሰጡኝ። ልጆቹን ብቻ ግን አልሰጡኝም፣ ትእዛዝም አከሉበት። «ፊደል፣ አቡጊዳ፣ ሐዋርያ፣ ወንጌል፣ ዳዊት። አባቶች የተማሩት ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አንዲት ነገር እንዳትጨምር።»

«ጠባይስ፣ አባ?»

«ጠባይ በአለንጋ ይገባል።»

«እኔ ላይ ያላረፈ አለንጋ የለም። ገብቶብኛል?»

ከላይ እስከታች አዩኝ። «አልገባብህም» አሉ።

«እንግዲያው አለንጋው አይሠራም።»

«ውጣ ከፊቴ!» አሉ። ወጣሁ። አታድርግ ግን አላሉኝም። እኔ ደግሞ አታድርግ ያልተባልኩትን እንደ ተፈቀደልኝ ነው የምቆጥረው።

ቁርበቴ ላይ ተጋድሜ አሰብኩበት። ልጅ ፊደል የሚቆጥረው ለምንድን ነው? ድቁና ተቀብሎ እንዲቀድስ ነው ይላሉ። ደግ! ሁሉም አይቀድስም እኮ። አብዛኛው ተመልሶ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይጋባል፣ ይሟገታል። ዳዊቱን ከራስጌው የማይለይ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሲያበቃ ወጥቶ የጎረቤቱን ድንበር የሚገፋ ሰው እኔ ራሴ አውቃለሁ። ንባቡ ገብቷል፣ ሰውየው ግን እንደ ጥንቱ ነው። ንባብ አንድ በሬ ነው። ጠባይ ሌላው በሬ ነው። በአንድ በሬ ያረሰ ማን አለ? ስለዚህ አቀናጀኋቸው። ለየንባቡ አንድ ጠባይ አጠመድኩበት፤ ልጁ ጠባዩን ሳያሳየኝ ወደሚቀጥለው ንባብ አያልፍም። የመልከኛ ልጅም ይሁን የገባር፣ አያልፍም።

ከፊደል ጋር ያጠመድኩት «አላውቅም» ማለትን ነው። አትሳቁ። በአገራችን ከሁሉ የከበደው ቃል እሱ ነው። መንገደኛ መንገድ ቢጠይቅ፣ የማያውቀውም ሰው «በዚያ ነው» ብሎ በእጁ ያመለክታል፤ አላውቅም ከማለት ሰው ገደል ቢገባ ይሻለዋል። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን ሰብስቤ «የአለቃ በቅሎ ጅራቷ ላይ ስንት ጠጉር አለ?» አልኳቸው። አንዱ መቶ አለ፣ አንዱ ሺህ አለ፣ አንዱ «ትናንት ቆጥሬዋለሁ» ብሎ ማለ። ከኋላ ግን አንድ ቀጭን፣ ጆሮው የቆመ ልጅ «እኔ አላውቅም፣ የኔታ» አለኝ።

የኔታ! ጢሜ ገና ሳይበቅል የኔታ ተባልኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

«ለምን አታውቅም?» አልኩት።

«በቅሎዋ ትራገጣለች። ማን ይጠጋታል?»

ያ ልጅ የአንድ ገባር ልጅ ነው። አባቱ የመልከኛውን መሬት ያርሳል፤ መልከኛ ያልኩት አገሩን የሚገዛውን፣ ግብር የሚበላውን ጌታ ነው። ልጁን ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚመጣው።

ከአቡጊዳ ጋር እውነት መናገርን አጠመድኩ። ድንጋዩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጥፋት ያጠፋ ልጅ ሳይጠየቅ ሄዶ ከጥዱ ሥር ከድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ከተናገረ አይገረፍም። ተናግሮ እስኪጨርስም ማንም አፉን አይከፍትም፣ እኔም ጭምር። ወላጆች ስቀውብኝ ነበር። «በገዛ ፈቃዱ ማን ራሱን ይከሳል?» አሉ። መጀመሪያ የተቀመጠው የመልከኛው የገዛ ልጁ ነው። «የዚያን ልጅ ቆሎ የበላሁት እኔ ነኝ፤ ከቤት የመጣልኝን ዳቦ ደግሞ ደብቄያለሁ» አለ። እሱም ወርዶ ዳቦውን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ ባዶ ውሎ አያውቅም። አንዳንዱማ ያላጠፋውን ሁሉ ሊናገር ይሰለፍ ጀመር፣ እሱን በቁጣ መለስኩ።

ከሐዋርያ ጋር ደግሞ ዘመዱ ላልሆነ ሰው መድከምን አጠመድኩ። ለእናትህ እንጨት ብትለቅም ምን ታምር ነው? ዶሮም ለጫጩቷ ትጭራለች። ዘመድህ ላልሆነ፣ መልሶ ሊከፍልህ ለማይችል ሰው ነው። ጆሮ ቆሙ ልጄ ሐዋርያ ሲደርስ የመረጠው ከደብሩ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ ቆብ የደፉ ባልቴት፣ እማሆይን ነው። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያላቸው አንድ በሬ ነው። ጎረቤታቸው ደግሞ አንድ በሬ አለው፤ ሁለቱን አቀናጅቶ የሁለቱንም መሬት ያርሳል። ልጁ ጠዋት ጠዋት እንጨት ይወስድላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ከእሳታቸው ዳር ያስቀምጡታል። አንኮበር ላይ እሳት ዳር መቀመጥ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ቆለኛ አላስረዳም።

ከወንጌል ጋር ማዕድ መካፈልን አጠመድኩ። ለዳዊት ምን እንደማጠምድ አላሰብኩም ነበር፤ እዚያ የደረሰ ልጅ አልነበረኝማ።

አለቃ አንዳንዴ ከጥዱ ጀርባ ቆመው ያዳምጡን ነበር። አንድ ቀን «እንኩሮ፣ ፈላህ መሰለኝ» አሉኝ። ከእሳቸው ይህ ምርቃት ነው። ወላጁም ወደደው። «ልጄ ቤት ውስጥ መዋሸት ተወ፣ ምን አስነካኸው?» ይለኛል አንዱ። እንዲህ ነበር። ማቀናጀቴ ሠርቷል። ሠርቷል ስላችሁ ሠርቷል!

ከዚያ የመልከኛው የበቅሎ ልጓም ጠፋ። በብር ያጌጠ ነው፣ ለበዓል ነው የሚያወጡት። ቤት ተበረበረ፣ አሽከር ተገረፈ፣ የለም። መልከኛው ሌባሻይ አስመጡ። ሌባሻይ በአዋጅ የተሾመ ሌባ ፈላጊ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ልጅ ይይዛል፤ ልጁን የመድኃኒት ዱቄት የተበጠበጠበት ወተት ያጠጣዋል፣ በላዩም የትምባሆ ጋያ ያስስበዋል። ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡን በሸማ አስሮ ይለቀዋል። ልጁ እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፤ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ምስክር የለ፣ ክርክር የለ።

እንግዲህ የዚህ ሌባሻይ የራሱ ልጅ ቆላ ወርዶ ኖሮ ንዳድ ይዞት ተኝቷል። «ንጹሕ ልጅ ፈልጉልኝ፣ ዋሾ ልጅ ከሆነ መድኃኒቱ አይይዝለትም» አለ። ሽማግሌው ሁሉ ተሰብስቧል። አለቃም አሉ፣ መልከኛውም አሉ። ማንን እንዳሉ ታውቁታላችሁ።

«የተማሪ ቤቱ ልጅ አለ» አሉ አለቃ። «ያ ‹አላውቅም› የሚለው። ውሸት ካፉ ወጥቶ አያውቅም።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «አባ፣ እኔ ያስተማርኩት ያላየውን እንዳያወራ ነው! እናንተ ያላየውን ሌባ ሊያሳያችሁ ትወስዱታላችሁ?»

«እውነተኛ ስላደረግከው እኮ ነው የመረጥነው» አሉ መልከኛው። «ልትኮራ ይገባሃል።»

«ዋሾ ባደርገው ይተርፍ ነበር ማለት ነው፣ ጌታዬ?»

«አፉን አስይዙልኝ ይህን ልጅ!»

አባትየውን ጠሩት። የመልከኛው ገባር ነው፣ ምን ሊል? ኩታውን አደግድጎ መሬት መሬት አየ። «እንደ ወደዱ» አለ። አልፈርድበትም። መሬቱ የሰው የሆነ ሰው አንገቱም የሰው ነው።

ዓርብ ቀን ነበር። ልብ በሉ፣ ዓርብ! ጾም የሻረ ሰው ሲያገኙ ንስሐ የሚያሸክሙት አለቃ፣ ቆመው ልጄ ወተት ሲጠጣ አዩ። ትምባሆ የነካን ሰው ከደጀ ሰላም የሚያባርሩት አለቃ፣ ልጄ ጋያ ሲስብ አዩ። ልጁ ሳለ፣ አስታወከ፣ ደግመው አጠጡት። ከዚያ ዓይኑ ዞረ። እየተንገዳገደ ተነሣ። ሌባሻዩ ሸማውን ይዞ ከኋላ፣ መንደሩ ሁሉ በየበሩ። ልጁ በየቤቱ በር ሲቆም ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ሲያልፍ ያማትባል። ከኔ ቤት ደጅ ቢቆም ምን ባልኩ ነበር እላለሁ። የራሱን ልጅ የፈራ መንደር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቁልቁል ወረደ። እማሆይ ቤት ገባ። ከምድጃው ዳር፣ እንጨት ይዞ በመጣ ቁጥር ከሚቀመጥባት ቦታ፣ ተጠቅልሎ ተኛ።

«ሌባዋ ተገኘች!» ተባለ።

እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብቅ አሉ። «የምን ሌባ?»

«የጌታን ልጓም ወዴት አደረግሽው?»

«ልጓም?» አሉ። «በቅሎ የለኝ፣ ፈረስ የለኝ፣ ልጓም ምን ያደርግልኛል? ዶሮዬን ልለጉምበት?»

ከኋላ ያለው ሰው ሳቀ፣ መልከኛው ዞር ሲሉ ሳቁን ዋጠ። ልጓሙ እዚያ አልተገኘም። ቢሆንም ሌባሻይ ብሏልና ለልጓሙ ዋጋ መያዣ በሬያቸው ይነዳ ተባለ፣ በሬው ተነዳ። እማሆይ በሬውን አላዩም። ጎንበስ ብለው ለልጁ ነጠላቸውን እያለበሱ ነበር። «በረደው እኮ፣ ይህ ልጅ፤ ምን አጠጣችሁት?» ይላሉ።

ሁለት ነገር እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ልጁን ያስመረጠው እኔ ያስተማርኩት እውነት ነው። ከእማሆይ ቤት ያስተኛውም እኔ ያስተማርኩት ደግነት ነው። «እንግዲያው ጥፋቱ የትምህርትህ ነው» ያለኝ አለ። አይደለም! እርፍ ሰው ገደለ ተብሎ እርሻ አይቀርም። ጥፋቱ እርፉን የያዘው ሰው ነው።

እሑድ ቅዳሴ ወጣ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ከግቢው ቆሟል። መልከኛው አሉ፣ አለቃም መስቀል እያሳለሙ ነው። ልጁ ከሰው መሀል ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ እግሩ ገና አልጸናም። ማንም ሳይጠራው፣ እኔም በዓይኔ እንኳ ሳልጠቅሰው፣ ሄዶ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

ተማሪዎቼ ወዲያው ዝም አሉ። ደንቡን ያውቁታል። ልጆች እንዲያ ዝም ሲሉ ትልልቁም ምን መጣ ብሎ ዝም አለ።

«ሌባ አላየሁም» አለ። «ምንም አላየሁም። በረደኝ። እማሆይ ቤት እሳት አለ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። ሄጄ ተኛሁ። የሰረቀውን አላውቅም።»

ከዚያ ወረደ። ይኸው ነው የተናገረው።

አለቃ ቶሎ ብለው «መድኃኒቱ ገና አልለቀቀውም፣ ይቃዣል» አሉ።

አሁን ምላሴ ትታሰራለች? «አባ! ዓርብ መድኃኒቱ ሲይዘው እውነተኛ፣ እሑድ ሲለቀው ውሸታም ሆነ? እንዲህ ከሆነ እኛንም ሁላችንን ወተት አጠጡንና እንመስክር!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። መልከኛው ግን አልሳቁም። በቅሏቸው ላይ ወጡ፣ ልጓሙ የገመድ ነው። «ይህ ድንጋይ ባለጌ ያፈራል» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ድንጋዩ ከቦታው የለም። አሽከሮቹ ገደል ሰደውታል፤ ሲንከባለል ጭላዳው ሁሉ ተሯሯጠ አሉ።

እኔ እንደሆነ ሳቄ ነው የመጣው። አንኮበር ድንጋይ ቸግሮት ያውቃል? ልጆቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ወንዝ አዲስ አምጥተው ከጥዱ ሥር አስቀመጡ። ከፊተኛው ይበልጣል።

ልጁ ጥቂት ቀን ቀረብኝ። ጨነቀኝ፤ አባቱ ከለከለው ብዬ። ከዚያ አንድ ጠዋት አባትየው ራሱ እጁን ይዞ አመጣው። ከአዲሱ ድንጋይ ፊት ቆሞ ቁመቱን በዓይኑ ለካ።

«ይህ ከፍ አላለም?» አለኝ።

«ትንሽ ከፍ ብሏል።»

«ይሁን። እሱም ያድጋል» አለና ወደ እርሻው ሄደ። የመልከኛው መሬት እኮ ነው የሚያርሰው! ይህን ያለ ሰው ፈሪ ነው የሚለኝ ካለ ይምጣ፣ እንሟገት።

አሁን ለዳዊት የሚጠመደውን አገኘሁት። ፍርድ ነው። ዳዊት የደረሰ ልጅ ሲፈረድ ሄዶ ያያል፣ ተመልሶ የፈረደው ሰው ምን አይቶ እንደፈረደ ይነግረኛል። ካላወቀ አላውቅም ይላል። ጆሮ ቆሙ ልጅ ወንጌል ሊጨርስ ነው፣ የመጀመሪያው እሱ ነው የሚሆነው።

አለቃ ትናንት መጡ። ድንጋዩን አዩ፣ ምንም አላሉትም። ከእኔ አጠገብ ቁጭ አሉና «ልጄ፣ ከፊደሉ ብቻ ብትውል ምን አለ?» አሉኝ። እንኩሮ አላሉኝም፤ ልጄ አሉኝ። ነገሩ እንደከበዳቸው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

«አባ፣» አልኳቸው «ልጆቹን ስትሰጡኝ ዳዊት ድረስ ብላችኋል። እያደረስኳቸው ነው።»

ተነሥተው ሄዱ። አታድርግ አላሉኝም። ስለዚህ እቀጥላለሁ። ጥዱ አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ ልጆቹ አሉ።

በሬው ግን እስከዛሬ ከመልከኛው ደጅ ታስሮ ገለባ ያመነዥካል። የጎረቤቱ በሬ ብቻውን ቆሟል፤ የበልጉ እርሻ ሊያልፍ ነው፤ እማሆይ ዘራቸውን በቁና ይዘው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እንግዲህ መልከኛውም፣ አለቃም፣ ያን ቀን ቆማችሁ በሬው ሲነዳ ዝም ያላችሁ ሽማግሌዎችም፣ አሁን ድንጋዩ ላይ የመቀመጥ ተራው የእናንተ ነው። ልጁ «አላየሁም» ብሏችኋል፤ እናንተስ ምን አይታችሁ ነው የባልቴቷን በሬ ያሰራችሁት?